ስለ ከተማና ስለ ጉርብትና

ሰው ከተማ የሚቈረቍረው ከሰው ለመጠጋት ነው። ገበያው፥ ትምህርት ቤቱ፥ ሐኪም ቤቱና ወፍጮው ቅርብ እንዲሆንለት ብሎ ከመንደሩ ወጥቶ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን የመጀመሪያ ምኞቱ ከጎረቤቱ የሚለየው ሰፊ ግቢና ረዥም አጥር ይሆናል። እነዚህ ሁለት ምኞቶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው መኖራቸው የሚያስቅ ቢመስልም፥ በአገራችን ከተሞች ታሪክ ውስጥ የሠሩት ሥራ የሚያስቅ አይደለም። በደሴ፥ በኮምቦልቻና በደጋን ቤት መሥሪያ ቦታ የሚጠብቀው ወጣት ብዙ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የእናንተው የወጣቶች ጉዳይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛው አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ከደሴ እንጀምር። በ1875 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያ ሰፍረው ሳሉ ጭራ ያለው ኮከብ በሰማይ አይተው፥ ስለዚህ ስፍራውን «ደሴ» ብለው እንደ ሰየሙት ይተረካል። ከተማይቱን የግዛታቸው መቀመጫ አድርገው ያቀኗት ግን ራስ ሚካኤል ናቸው፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑትም በዚያው ነው። የአይጠየፍ አዳራሽም የእርሳቸው ሥራ ነው። ቦታው ለምሽግና ለእይታ እጅግ ያማረ ነው፤ በአንድ ወገን ጦሳ ተራራ፥ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል ይጠብቁታል፤ በመካከላቸው ቦርከና ይወርዳል። ነገር ግን ንጉሥን ከጠላት የሚጠብቅ ተራራ፥ የንጉሥ ዘመን አልፎ ሕዝብ ሲበዛ፥ ከተማይቱን እንደ ጠባብ ቀሚስ ይይዛታል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የደሴ ሕዝብ 97,314 ነበረ። በ1999 ዓ.ም. በከተማው ክልል በጠቅላላው 151,174 ሰው ተቈጠረ፤ ከዚህም ውስጥ በከተማ የሚኖረው 120,095 ነበረ። ኮምቦልቻም በዚያው ጊዜ ከ39,466 ተነሥታ የከተማ ነዋሪዋ ብቻ 58,667 ደረሰ።

የዚያ ዘመን ከተሞች ለምን ተበታትነው ተሠሩ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ «ሰፈር» የሚለውን ቃል ይመርምር። ቃሉ የመጣው ከጦር ሰፈር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር እያንዳንዱ መኰንን በየኮረብታው ድንኳኑን ተከለ፤ ወታደሩና ሎሌው ዙሪያውን ሰፈረ፤ በአንዱ ሰፈርና በሌላው ሰፈር መካከል ያለው ሜዳ ባዶ ቀረ። ደጃች ውቤ ሰፈርን፥ ራስ መኰንን ሰፈርን የመሳሰሉት ስሞች የቀሩት ከዚያ ነው። ስለዚህ ከተማ ማለት ብዙ መንደሮች በሩቁ እየተያዩ የሚኖሩበት አገር ሆነ። ባሕር ዛፉም ባዶውን ሜዳ ስለ ሸፈነው፥ መበታተኑ እንደ ጌጥ ታየ። ልምዱ ከትልቁ ሰው ወደ ትንሹ ወረደና፥ የክብር ምልክት የቤት ማማር ሳይሆን የግቢ ስፋት ሆነ። ዛሬም ለልጁ ቤት የሚመኝ አባት «ግቢ ያለው» ይላል እንጂ፥ «መልካም ጎረቤት ያለው» ሲል እምብዛም አይሰማም። ይህን አባት ልንነቅፈው አይገባም። ግቢው በግ ያስርበታል፤ ጎመን ይተክልበታል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ አንድ ክፍል ቀጥሎ ያከራይበታል። ጡረታ ለሌለው ሰው ጡረታው እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ሕዝባችን መጠጋጋትን የሚፈራበት ሌላ፥ ከዚህም የጠነከረ ምክንያት አለ፤ ይህም ከተማን ስለ ማሻሻል በተነገረ ቍጥር ነዋሪው ተነሥ መባሉ ነው። የኢጣልያ አይሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ደብድበው ቤቶችን አቃጠሉ፤ ሚያዝያ 7 ቀን በዚያው ዓመት ጦራቸው ከተማይቱን ያዘ። አዲስ አበባንም ከያዙ በኋላ የነጩን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር የሚለይ ፕላን አወጡ። ኢትዮጵያዊው ከመካከለኛው ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ታዘዘ፤ ገበያውም ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተዛወረ። ፕላን የሚባለውን ነገር ብዙው የከተማ ሰው መጀመሪያ ያወቀው እንዲህ አድርጎ ነው። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ዐዋቂ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለአዲስ አበባ አንድ ፕላን ነደፈ፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ፕላኖች ተከታተሉ። ስለ እነርሱ ብዙ መናገር አያስፈልገንም፤ ነዋሪው ካርታውን ያየው ተነድፎ ካለቀ በኋላ ነውና።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ወጣ። አዋጁ የብዙ ጭሰኛንና ተከራይን ሸክም አቀለለ፤ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚይዘውንም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳያልፍ ወሰነ። የኪራዩ ዋጋ ግን እጅግ ዝቅ ተብሎ እንደ ተወሰነ ለብዙ ዓመታት ስለ ቀረ፥ ቀበሌው ጣራ የሚያስጠግንበት ገንዘብ አጣ። ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት ለማደስ እጁ አልዘረጋም። ቤተሰቡ ሲበዛ በአንዱ ክፍል ውስጥ ቆጥ ተሠራ፤ ከጓሮው ማድ ቤት ተቀጠለ፤ ብዙ አባወራ በአንድ መጸዳጃ ተሰለፈ። በዚህ ጊዜ ያደገ ልጅ «ተጠጋግቶ መኖር» ሲባል ወደ ልቡ የሚመጣው ይህ ነው። ስለ ሌላው አልሰማም፤ አላየምም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ሳንለያቸው ብንቀጥል ክርክሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በአንድ መሬት ላይ ብዙ ቤት መሥራት አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው መታፈግ ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት በ1954 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ አጥብቃ ያስረዳች ጄን ጄኮብስ የምትባል የኒውዮርክ ሰው ነበረች። አርክቴክት አልነበረችም፤ ጋዜጠኛና የሰፈር እናት ነበረች። የከተማው ሹሞች የምትኖርበትን ሰፈር ደሳሳ ነው ብለው ሊያፈርሱት በተነሡ ጊዜ፥ ጎረቤቶቿን አስተባብራ ተከራከረችና አሳቡ ተሰረዘ። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እነዚያ ጎረቤቶች «አታፍርሱብን» ብለው ብቻ አልተቀመጡም። በ1955 ዓ.ም. የራሳቸውን ፕላን ይዘው ቀረቡ፤ ከሰፈሩ አንድም ነዋሪ ሳይነሣ፥ በባዶው ቦታ ላይ ባለ አምስት ደርብ ቤቶች ይሠሩልን አሉ። ሹሞቹ ከአሥር ዓመት በላይ አጓተቱት፤ በመጨረሻ 420 መኖሪያ ተሠራ። ለሰፈራቸው ተጨማሪ ጎረቤት የጠየቁት ባለሥልጣኖቹ ሳይሆኑ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ፎቅ ቤት ለብዙኃኑ የተሠራበት ትልቁ ዘመን በ1997 ዓ.ም. ግድም የጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ ነው። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ቤት በጥቂት ዓመታት መሠራቱ በአፍሪካ ምድር ቀላል ነገር አይደለም፤ የጭቃ ቤት ተከራይ የነበረ ሰው የራሱ በር ቁልፍ ያገኘበት ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። የሠሩትም ሰዎች የእኛን ኑሮ ፈጽሞ አልዘነጉም፤ እንጀራ መጋገሪያ፥ ልብስ ማጠቢያና እርድ ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው አኑረዋል። ይሁን እንጂ ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነበረ። ዕጣ አድልዎን ይከለክላል፤ ጎረቤትን ግን አያውቅም። ለሠላሳ ዓመት በአንድ ዕድር የኖሩ ሰዎች አንዱ በከተማው ምሥራቅ ዳር፥ አንዱ በደቡብ ዳር ደረሳቸው። ደግሞም ከጊዜ በኋላ ብዙው ፎቅ የተሠራው በከተማው መካከል ሳይሆን በዳሩ፥ ገበሬ ሲያርሰው በኖረው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ፎቁ መሬት ያድናል የተባለው ነገር ግማሹ ብቻ እውነት ሆነ። ከተማው ወደ ላይም ወደ ጎንም አደገ።

ወደ ጎን ማደግ ምን እንደሚያስከትል አገራችን በመራራ መንገድ አይታዋለች። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ምድር በአንድነት የሚመለከት ማስተር ፕላን በተሰማ ጊዜ፥ ገበሬው ከርስቱ ሊነቀል ነው ተብሎ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ። በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደገና ሲቀጣጠል ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹም ተማሪዎች ነበሩ። ፕላኑ በዚያው ዓመት በጥር ወር ተሰረዘ። ስለ ፖለቲካው የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ እኔ የማመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነው። በከተማው ውስጥ ያለው ሰው ሰፊ ግቢ ሲመኝ፥ የምኞቱን ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን ዳር ያለው ገበሬ ነው።

እኛ የወሎ ሰዎች ደግሞ ስለ እርሻ መሬት በቀልድ ለመናገር አንችልም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ፥ የገጠሩ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ ደሴ፥ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ባቲ መንገድ ዳር እንዴት እንደ ወረደ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ዛሬ የኮምቦልቻ ሜዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን፥ የአይሮፕላን ማረፊያውን፥ የባቡር ሐዲዱን፥ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውንም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሸክሟል። እነዚህ ያስፈልጋሉ፤ ሥራ የሚገኘው ከእነርሱ ነው፤ ፋብሪካም ገደል ላይ አይሠራም። ነገር ግን ፋብሪካው ሜዳውን ከወሰደ፥ ቤቱም ሜዳውን ከወሰደ፥ ማሽላና ጤፉ ወዴት ይሂዱ? ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው ለደጋን ጥያቄው ቅርብ ነው። የመንገድ ዳር ከተማ እንደ ገመድ ይረዝማል፤ ሁሉም ፊቱን ወደ አስፋልቱ ለማዞር ስለሚሻ ቤቶቹ ተከታትለው ይሰለፋሉ፤ ከኋላቸው ያለው እርሻም መሬቱ ሳይታረስ ቤትም ሳይሠራበት በግምት ተይዞ ይከርማል።

ነገሩን በቍጥር እንየው። በእኛ አገር ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው፥ ገንዘባቸውን በባንክ በዝግ ሒሳብ አስቀምጠው የቤት መሥሪያ ቦታ መጠበቅ የታወቀ መንገድ ነው። ሃያ አባላት ያሉት አንድ ማኅበር ለእያንዳንዱ 150 ካሬ ሜትር ቢደርሰው፥ 3,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። መንገዱና የውሃ መውረጃው ሌላ 1,000 ቢወስድ፥ 4,000 ሆነ ማለት ነው። ጥማዱን ሩብ ሄክታር አድርገን ብናስበው፥ ከአንድ ጥማድ ተኩል በላይ መሬት ለሃያ አባወራ ዋለ። አሁን ደግሞ እነዚያው ሃያ ሰዎች ግድግዳ ተጋርተው፥ እያንዳንዳቸው በ60 ካሬ ሜትር ላይ ባለ አንድ ደርብ ቤት ቢሠሩ 1,200 ካሬ ሜትር ይበቃቸዋል። ለጋራ ግቢ 500፥ ለመተላለፊያ 300 ብንጨምር 2,000 ይሆናል። የቤቱ ወለል ከላይና ከታች ሲደመር ለአንድ ቤተሰብ 120 ካሬ ሜትር ነው፤ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ብዙ ሰው ከሚሠራው ቤት አያንስም። የተረፈው ግማሽ ለገበሬው ይቀራል፤ ወይም ለሌሎች ሃያ ቤተሰቦች ይሆናል። የመብራቱ ምሰሶና የውሃው ቧንቧ ርቀትም በዚያው ልክ ያጥራል።

በዚህ ላይ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። ድኻ ሰው ቤቱን የሚሠራው እንደ ወፍ ጎጆ ነው፤ ዘንድሮ አንድ ክፍል፥ ከርሞ ሁለተኛውን፥ ልጁ ከዐረብ አገር ሲልክለት ደግሞ ቆርቆሮውን ይለውጣል። ባለ አራትና ባለ አምስት ደርብ ሕንጻ ግን «ዘንድሮ ግማሹን» አይልም፤ ሚሊዮን ብር በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ሽማግሌ ደረጃ አይወጣም፤ ውሃም ግፊቱ ሲደክም ላይኛው ደርብ አይደርስም። በደሴ ደግሞ የመሬት መንሸራተት የሚያሠጋው ቁልቁለት ስላለ፥ በዚያ ላይ ሕንጻ መደራረብ ዕውቀት አይደለም። ስለዚህ መጠጋጋት ማለት ሁልጊዜ ሰማይ ጠቀስ ማለት ነው የሚል ሰው ካለ፥ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። ትንንሽ ከተሞች ከሩቅ አገር ሕንጻ ይልቅ ከሐረር ቢማሩ ይሻላቸዋል።

የሐረር ጀጎል በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበ፥ ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ብቻ የሆነ ከተማ ነው፤ በጥማዳችን ሁለት መቶ አይሞላም። በዚያ ውስጥ ገበያው፥ በሰማንያ የሚቈጠሩ መስጊዶች፥ ከመቶ በላይ የሆኑ የአውልያ ቦታዎችና የሕዝቡ መኖሪያ ሁሉ ተሠርተዋል። ያም ሆኖ ሰማይ ጠቀስ የለም፤ አብዛኛው ቤት ምድር ቤት ወይም ባለ አንድ ደርብ ነው። ምሥጢሩ ብዙ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው በአንድ ግቢ ዙሪያ መሠራታቸውና በአንድ በር መግባታቸው ነው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከተማይቱን በዓለም ቅርስ መዝገብ አስገባት።

ግንቡ በጦርነት ፍርሃት ተሠራ፤ ሰውን ያጠጋጋው በመጀመሪያ ፍርሃት ነው። ሆኖም ፍርሃት ሰውን አንድ ላይ ሊያከማች ይችላል እንጂ፥ ለአራት መቶ ዓመት በሰላም ሊያኗኑር አይችልም። ያኗኗረው አፎቻ የሚባለው የሐረሪዎች ማኅበር ነው። አፎቻ እንደ እኛ ቅሬና እንደ ሸዋ ዕድር በለቅሶና በሠርግ የሚደጋገፉበት ነው፤ የወንዶቹም የሴቶቹም አለ። በአንድ ግድግዳ የሚለያይ ሰው ቢጣላ በማግስቱ ለቅሶ ወይም ሠርግ ላይ መገናኘቱ ስለማይቀር፥ ጠቡን ሳያሳድር ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ማኅበር በሌለበት የጋራ ግድግዳ የክስ መዝገብ ይሆናል።

እንግዲህ ቅሬ ያለው አገር ትልቁን ነገር ይዟል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት ዘውዴ ገብረ ሕይወት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ዕድሮችን ለሰፈር ልማት ለማሰለፍ የጣሩት፥ ሕዝቡ ማዘጋጃ ቤቱን ባያምን እንኳ ዕድሩን እንደሚያምን ስለ ተረዱ ነው። በዕጣ ተለያይተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎችም፥ ከሁሉ አስቀድመው ካደረጉት ነገር አንዱ አዲስ ዕድር ማቋቋም ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቍጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር አዝዟል፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ ደረጃው እንዲጠረግና የተቋረጠው ቧንቧ እንዲጠገን ሰውን የሚያስማማው ድንኳኑንና ሰሐኑን በጋራ የገዛው ማኅበር ነው።

ወጣቱስ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለው? አንድ የሩቅ አገር ነገር ልንገራችሁ። በኒውዚላንድ ኦክላንድ የምትባል ከተማ አለች፤ እንደ እኛው ሰፊ ግቢ የሚወድ ሕዝብ የሞላባት ናት። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የከተማ ፕላን ሲታሰብ፥ የቤት ባለቤቶች የሆኑት አረጋውያን በየሰፈራቸው ፎቅ እንዳይሠራ ሲከራከሩ፥ ቤት የሌላቸው ወጣቶች ግን ወደ ስብሰባው አይመጡም ነበር። ጄኔሬሽን ዜሮ የሚባል የወጣቶች ማኅበር ይህን አይቶ፥ ወጣቶች አሳባቸውን ለምክር ቤቱ በቀላሉ የሚጽፉበትን ፎርም አዘጋጅቶ አሠራጨ፤ እየተነሡም ተናገሩ። በየካቲት 2008 ዓ.ም. በተደረገ ስብሰባ ስለ ወጣቶች የተናገረችውን ሴት አንዳንድ አድማጮች በጩኸት አቋረጧት፤ ምክር ቤቱም በዚያ ቀን አፈገፈገ። ወጣቶቹ ግን አልተዉትም። ጉዳዩን የመረመሩት ገለልተኛ ዳኞች ተጨማሪ ቤት እንዲፈቀድ አሳብ አቀረቡ፤ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አብዛኛውን ተቀበለ። በከተማይቱ ካለው የመኖሪያ መሬት ሦስት አራተኛ ያህሉ ከፊተኛው የበለጠ ቤት እንዲሠራበት ተፈቀደ፤ ከዚያም በኋላ የሚሠራው ቤት በእውነት በረከተ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ወጣቶቹ ብቻ ናቸው አልልም። በስብሰባው ባይገኙ ኖሮ ግን ከተማይቱ በሙሉ የአረጋውያን ትመስል ነበር።

የእኛ መንገድ ከእነርሱ ጥቂት ይለያል። በእኛ አገር ወጣት ተነሥቶ ሽማግሌን በአደባባይ ቢሞግት ነገሩ እውነት ቢሆንም አይሰማለትም። መጀመሪያ ወደ ቅሬው ዳኛ ቤት ሄዶ፥ «አባባ፥ አንድ አሳብ አለችን፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ትታይልን» ማለት አለበት። ከዚያም ሰው የሚፈራውን ሳይሸሽግ ይናገር። ፎቅ ሲባል ተነሥ የሚለው ቃል አብሮ ስለሚሰማ፥ ሁለቱን ቃላት የሚለይ የጽሑፍ ውል ከማዘጋጃ ቤቱ ይጠየቅ፤ የነበረ ነዋሪ በነበረበት ሰፈር እንዲቀር፥ ቤቱ እስኪሠራ የሚጠለልበት እንዲታወቅ፥ የይዞታው ወረቀት በስሙ እንዲሆን። ይህ ሳይጻፍ ስለ መጠጋጋት ጥቅም የሚሰብክ ሰው፥ ልቡ ቀና ቢሆንም፥ ለአፍራሽ መንገድ ጠራጊ ይሆናል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳና ካዛንቺስ የኮሪደር ልማት ተብሎ ስንት አሮጌ ጉርብትና በጥቂት ሳምንት እንደ ተበተነ ሕዝቡ አይቷል፤ ያየውንም አይረሳም።

ከውሉ ቀጥሎ የሚመጣው የኑሮው ዝርዝር ነው፤ ሰው የሚስማማውም የሚጣላውም እዚህ ላይ ነው። የለቅሶ ድንኳን የት ይተከላል? የጋራው ግቢ 500 ካሬ ሜትር ይሁን ያልኩት ስለዚህ ነው፤ ከዚያ ካነሰ አንድ ትልቅ ድንኳንና የምግብ ማብሰያ ጎን ለጎን አይቆሙም። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚተዛዘኑበት፥ በጋብቻም የሚዛመዱበት አገር ነው፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ እርድ ማረጃው ሁለት መሆን አለበት፤ ይህን አዲስ አበባ ተቀምጦ ፕላን የሚነድፍ መሐንዲስ ላያስበው ይችላል፤ የደጋን ሴት ግን ሳትጠየቅ ትናገረዋለች። የምጣዱ ጢስ ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳይገባ ማድ ቤቱ በየትኛው ነፋስ በኩል ይሁን? ምድር ቤቱስ ለማን ይሰጥ? እኔ በዕጣ ከመከፋፈል ይልቅ የቅሬው ሽማግሎች አቅመ ደካማውን እያዩ ቢመድቡት ይሻላል እላለሁ፤ አድልዎ ይሆናል ብሎ የሚሠጋ ሰው ቢኖር ግን ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ምደባው በሁሉም ፊት በስብሰባ ይነበብ።

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ 60 ካሬ ሜትር ለማያውቅ ሰው 60 ማለት ጠባብ ማለት ነውና። ስለዚህ ወጣቶቹ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ቀን ማልደው ወጥተው፥ ገመድና ችካል ይዘው በሜዳው ላይ ስድስት በአሥር ሜትር ይለኩ። ደረጃው የሚወጣበትን፥ በሩንና የምጣዱን ቦታ በኖራ ያሥምሩ፤ ከጎኑም የጎረቤቱን ቤት፥ ከፊቱ የጋራውን ግቢ ያመልክቱ። ስብሰባው ሲያልቅ እናቶች በዚያ ገብተው ይመላለሱበት፤ መሶቡ የት እንደሚቀመጥ፥ እንግዳ የት እንደሚያድር፥ ሕፃን ከደረጃው እንዳይወድቅ ምን እንደሚደረግ ይናገሩ። አንዱ ወጣት ቆሞ የሚሉትን ሁሉ ይጻፍ፤ ወደ ማዘጋጃ ቤት መጀመሪያ የሚገባው ወረቀት እርሱ ይሁን።